ፀጉር አስተካካዩን ማን ይላጨዋል?

በመጀመሪያ የሥራ ቀኔ በጥፊ ተመታሁ። የመቱኝ አሠሪዬ ጋሽ ታከለ ናቸው። ቦታው ቡሬ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ አንድ ወንበርና አንድ ትልቅ መስተዋት ያለው ፀጉር ቤት ነበር። እኔ ከቡሬ ወጣ ካለ የገጠር ቀበሌ የመጣሁ፣ ሃያ ዓመት የሞላኝ፣ ከመቀስ ይልቅ ማጭድ የለመደ እጅ ያለኝ ሰው ነበርሁ።

ጋሽ ታከለ ምሳ ሊበሉ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ «ጠረግ ጠረግ አድርግ፤ ሰው ከመጣ አስቀምጠህ ጠብቀኝ» አሉኝ። ገና ከመውጣታቸው ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ ገበሬ ገባና «ላጨኝ» አለ። እኔም ሥራ መቻሌን ላሳይ ብዬ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጣል አደረግሁ፣ ሳሙናውን በብሩሽ አረፋ አስወጥቼ ጉንጩን ቀባሁት። ምላጩን አንሥቼ ልስብ ስል ጋሽ ታከለ ከተፍ አሉ። ጥፊው ያን ጊዜ ነው።

«ይኸ ጺም የምን ጺም እንደሆነ ጠይቀኸዋል?» አሉኝ። «ከል መልበሱ አይታይህም?»

እውነትም ከጋቢው ሥር የለበሰው ሸሚዝ ጥቁር ነበር። ወንድሙ ሞቶበት ሐዘን ላይ ያለ ሰው ነው። ጋሽ ታከለ ሳሙናውን ቀስ ብለው ጠረጉለትና «ወንድሜ፣ ያመጣህ ማን ነው?» አሉት። «ማንም» አለ። «እንግዲያስ ሂድና ሰው ይዘህ ና። እኔ እንዲሁ ብላጭህ ላንተም ለሟቹም ነውር ነው» አሉት። ሰውየው አልተከራከረም፤ ተነሥቶ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሕጉን አስቀምጠው ነገሩኝ። ሐዘንተኛ ጺሙን የሚያሳድገው ራሱ ነው፤ የሚያስነሣለት ግን ሌላ ሰው ነው። ቀኑ ሲደርስ የሟች ወገን ወይም የንስሐ አባት ወይም የእድር ሽማግሌ ይመጣና «ይበቃሃል፣ ተነሥ» ብሎ እጁን ይዞ ፀጉር ቤት ይወስደዋል። በገዛ እግሩ የሄደ እንደሆነ «ሟቹን ለመርሳት ቸኮለ» ይባላል። ይዞት የመጣው ሰው ከወንበሩ አጠገብ ይቆማል። እኛም ምላጩን ከመሳባችን በፊት ወደዚያ ሰው ዞረን «ላንሣለት?» ብለን እንጠይቃለን። «አንሣለት» ካላለ ምላጩ አይነካም።

ጋሽ ታከለ ዘንድ አራት ዓመት ሠራሁ። ምላጭ ለመለማመድ የገዛ ጭኔን ላጭቻለሁ፤ ጠባሳው አሁንም አለ። በእጅ የሚጨመቀውን የፀጉር መቁረጫ፣ ቶንዶሱን፣ አጥብቄ ስይዝ ፀጉር እየነጨ ስንቱን ደንበኛ ከወንበር አስነሥቶብኛል። አንድ ጊዜ አባቴ ሊጎበኘኝ መጥቶ እሱንም እንዲሁ ብነጨው በአዊኛ ሰደበኝ። አባቴ ሲቆጣ አማርኛ አይበቃውም ነበር። ወንበር የሚጠብቁት ከእንጅባራ በኩል የመጡ ነጋዴዎች ገብቷቸው ኖሮ በሳቅ ፈረሱ። ጋሽ ታከለ ግን ምን እንዳለ እስኪተረጉሙላቸው ድረስ ግራ ገብቷቸው ቆሙ።

ከዚያ ፍኖተ ሰላም መጥቼ የራሴን ቤት ከፈትሁ። አንድ ወንበር፣ ቀጥሎ ሁለት። በእጅ ከሚጨመቀው ቶንዶስ በመብራት ወደሚሠራው፣ ከዚያም መብራት ሲጠፋ በባትሪ ወደሚሠራው ተሻገርሁ። የገበያ ቀን ገበሬ ይበዛል፤ ገበሬ ሙልጭ አድርገህ ላጨኝ ይላል፣ ነገርም አያበዛም። ተማሪ ከሆነ ስልኩን አውጥቶ የሆነ ኳስ ተጫዋች ያሳይና «እንደዚህ» ይላል። ፀጉሩን እንደዚያ ማድረግ ይቻላል፣ ጭንቅላቱ ግን ያው የራሱ ጭንቅላት ነው፤ ስጨርስ መስተዋት አይቶ በእኔ ይቀየማል።

ከሁሉ የምኮራው በሙሽራ ነበር። ጥር ሲገባ ሚዜዎቹ እያጨበጨቡ ያመጡልኝ ነበር። «ሙሽራ ከጋሽ አለባቸው ሌላ ማን ያምርለታል!» ይላሉ። አባቱን ለሠርጉ ላጭቼ ልጁንም ለሠርጉ የላጨሁት አለ። ይኸን ስጽፍ ጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ጉራም ነው።

ሚስቴ ይታይሽ የፈረስ ቤት ሰው ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ኖርን። ልጅ እግዜር አልሰጠንም። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ወሬ ሳዳምጥ ውዬ አፌን ዘግቼ ቤት እገባለሁ፤ እሷ ደግሞ «ዛሬ የማንን ራስ ነካህ?» እያለች አንድ በአንድ ታስለፈልፈኛለች። ታላቅ ወንድሟ አያ ደምለው በዓመት ሁለቴ ከፈረስ ቤት ይመጣ ነበር። ቁጡ ነው፤ ግን እህቱን ሲያይ ፊቱ ይፈታል።

ይታይሽ ታማ ብዙም አልቆየች። ሕመሙ የሆድ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት አረፈች። ያን ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩም ጠፍቶ ነበር። ለአያ ደምለው መርዶ የደረሰው ከተቀበረች በኋላ በእግረኛ ነው። ለቅሶውን እዚያው ፈረስ ቤት ተቀመጠ፤ እኔ እዚህ ተቀመጥሁ። የአንዲት ሴት ወንድምና ባል በሁለት ከተማ ተለያይተን አለቀስናት።

ጺሜን ተውሁት። አርባው ደረሰ። መንገዱ አልተከፈተም። እድርተኛው ተሰብስቦ መጣ፤ ጸሎት ተደረገ፣ ዝክሩ ተበላ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ አሁን አንዱ ተነሥቶ እጄን ይይዘኛል እያልሁ ጠበቅሁ። የንስሐ አባቴ አርጅተው ወደ ገበዝ ማርያም፣ ልጆቻቸው ዘንድ ሄደው ነበር። ቀድሞስ እሳቸው ነበሩ የሚደርሱልኝ። የሥጋ ዘመድ ካላችሁኝ፣ ወላጆቼ አልፈዋል፤ አንድ ወንድሜም ቀድሞኝ ሄዷል።

የእድራችን ዳኛ ሊሰናበቱኝ ጎንበስ ብለው «አይዞህ አለባቸው። እግዜር ያጥናህ። ለሌላውስ አንተን ማን ያስተምርሃል፣ የሙያው ባለቤት!» አሉኝ። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

በኋላ ነው የገባኝ። አንዱም ክፋት አልነበረበትም። ሁሉም ያው አንድ ነገር ነው ያሰቡት፦ ምላጩ በእጁ ነው፣ ቤቱ ፀጉር ቤት ነው፣ ይኸን ሰው ወዴት ይዘን እንሄዳለን?

ሥራ ጀመርሁ። ጺሜ አደገ፣ ሸበተ፣ ደረቴ ላይ ወረደ። መሥራት ብቻ አይደለም የከበደኝ። ደንበኛው መስተዋት ውስጥ ራሱን ሲያይ ከኋላው እኔን ያያል። ዱሮ እየሳቀ የሚያወራኝ ሰው «እንዴት ነህ፣ በርታ» ይልና ዐይኑን ይጨፍናል። የተኛ መስሎ የሚላጭ ደንበኛ በዛብኝ። ስንቱን ሲያስለፈልፍ የኖረ ቤት መቀሱ ብቻ የሚሰማበት ሆነ።

ጥር መጣ። አንድ ቀን ሚዜዎች እያጨበጨቡ ሙሽራ ይዘው ደጄ ደረሱ። አሮጌውን ፎጣ ጥዬ ነጩን ዘረጋሁ። ጭብጨባው ደጃፉ ላይ ቆመ። አንደኛው ሚዜ ጺሜን አየ፣ ሙሽራውን አየ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ለካ ቀጠሮ ይዘን ነበር» አለኝ። ፊት ለፊት ወዳለው ወደ ሀብታሙ ቤት ተሻገሩ። ሀብታሙ ሦስት ወንበር፣ ባለ ቀለም መብራትና ሙዚቃ ያለው ወጣት ፀጉር አስተካካይ ነው። እንዲያውም አልፈረድሁባቸውም፤ ሙሽራ በሐዘንተኛ እጅ አይላጭም። እኔም ብሆን አላስነካም። ነጩን ፎጣ አጥፌ መለስሁት።

በማግሥቱ ጧት ሱቄን ከፍቼ፣ ሰው ከመምጣቱ በፊት፣ የራሴው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። «ይብቃ» አልሁ። ሳሙና መትቼ ፊቴን ቀባሁ፣ ምላጭ ለወጥሁ፣ እጄንም አነሣሁ። ከዚያ እንደ ልማዴ ዞር አልሁ። ሠላሳ ዓመት የለመድሁት ነገር ነው፤ ጠይቄ ነው የምጀምረው። ከወንበሩ አጠገብ ማንም የለም። ማንን ልጠይቅ? ሳሙናው ጉንጬ ላይ እስኪደርቅ ተቀመጥሁ። ከዚያ ታጥቤ የቀኑን የመጀመሪያ ደንበኛ አስተናገድሁ።

ለምን አልተናገርህም ትሉኝ ይሆናል። ኩራት ነው፣ ሌላ ምን! «ኑና ከሐዘን አውጡኝ» ብሎ ሰው ይለምናል? ለእድሩ ዳኛ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ደጃቸው ደርሼ ተመልሻለሁ። የሰው ፊት እሳት ነው። በዚያ ላይ ተቀይሜ ነበር። ከሁሉ አብልጬ የተቀየምሁት በአያ ደምለው ነው። መንገዱ ተከፈተ፤ አልመጣም። ስልኩ ሠራ፤ አልደወለም። እኔም አልደወልሁ። የእህቱ ባል ነኝ፣ ቀብሬያታለሁ፣ መምጣት የእሱ ነው ብዬ ተቀመጥሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል፤ እኔ አይቼዋለሁ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ አለፈ። ተዝካሯን ብቻዬን አወጣሁ። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆን፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ድንች የሚነግድ ወፍራም ሰው ገባና ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ቶንዶሱን በቀኝ ጆሮው በኩል አስገብቼ እስከ መሀል አናቱ እንደ ደረስሁ ወሬ ጀመረ። ከፈረስ ቤት ነው የመጣሁ አለኝ።

«አያ ደምለውን ታውቀዋለህ?» አልሁት። አፌ አምልጦኝ ነው።

«ደምለውን! ጎረቤቴ አይደል! አንድ እህት ነበረችው፣ እዚህ ፍኖተ ሰላም ሞተችበት። አማቹ ፀጉር አስተካካይ ነው አሉ። ደምለውማ ስሙ ሲነሣ ይበግናል። ‹እኔን ሳይጠብቅ በአርባው ተላጨ፤ ለእህቴ አርባ ቀን ብቻ አዝኖ ምላጩን አነሣ› እያለ—»

ቶንዶሱን አጠፋሁት።

ሰውየው በመስተዋቱ ቀና ብሎ አየኝ። ጺሜን አየ። ጥቁር ሸሚዜን አየ። ቀስ ብሎ ፊቱ ተለወጠ።

«እንዴ!» አለ። «ያውልህ እንግዲህ! አንተ ነህ እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«ይኸስ ጺም?»

«የሷ ነው» አልሁት።

ያ ሰው ግማሽ ራሱ ተላጭቶ፣ ግማሹ እንዳለ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንደ ታሰረ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «ኧረ በስመ አብ! ኧረ ይኸ ነገር አንድ ቀን አያድርም!» እያለ ደወለ። «ደምለው! ስማኝ፣ አትጩህብኝ፣ አሁን ወሬ አይደለም። አማችህ ፊት ለፊቴ ቆሟል። ጺሙ ደረቱን አልፏል። በዐይኔ በብረቱ እያየሁት ነው።» ስልኩን ለእኔ አቀበለኝ።

«አለባቸው?» አለ አያ ደምለው።

«አቤት።»

«አልተላጨህም?»

«ማን አምጥቶኝ!» አልሁት። ስጮህ ራሴው ደነገጥሁ። «አያ፣ ማን አምጥቶኝ? ምነው ባትመጣ እንኳ ብትደውል!»

ሲያለቅስ ሰማሁት። «እኔማ» አለ፣ «ላንተ ምላጭ ምን ይቸግርሃል ብዬ! ቤቱ ውስጥ እያለ ማንን ይጠብቃል ብዬ! ሰው ‹ሥራ ጀምሯል› ሲለኝ ጊዜ በቃ ተላጭቷል አልሁ። አንተስ፣ ወንድሜ፣ ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም፤ ምነው አንድ ቃል ብትልክብኝ!»

ልክ ነው።

የድንች ነጋዴውን ሌላውን ግማሽ ጨርሼ ሸኘሁት። የኋላውን ሁለት ጊዜ አበላሸሁበት። አላማረረም።

በማግሥቱ በመጀመሪያው መኪና አያ ደምለው መጣ። እሱ ተላጭቷል፤ ፈረስ ቤት ዘመድ አለው፣ በወጉ ከሐዘን አውጥተውታል። ደጄ ላይ ቆሞ ጺሜን ሲያይ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ተቃቅፈን አለቀስን። መንገደኛው ቆሞ ያየናል፤ ይየን።

«በል፣ ይበቃሃል፣ ተነሥ» አለኝ። እጄን ያዘኝ። ከዚያ ግራ ገባውና ዙሪያውን አየ። «ወዴት ነው የምወስድህ?»

ሀገሩን የሞላው ፀጉር ቤት ነው፤ ግን እኔ የሌላ ሰው ወንበር ላይ የተቀመጥሁት መቼ እንደ ነበር ረስቻለሁ። በአገጬ ወደ ፊት ለፊት አመለከትሁት። ተሻገርን።

ሀብታሙ ሲያየን ሙዚቃውን አጠፋ። የሚላጨውን ደንበኛ «ትንሽ ታገሠኝ ወንድሜ» ብሎ ወንበሩን አስለቀቀልኝ። እጁን ታጠበ፣ አዲስ ምላጭ አወጣ፣ ፎጣ አሰረልኝ፣ ሳሙና ቀባኝ። ጥሩ እጅ አለው፤ አይቸኩልም። ምላጩን ሊስብ ሲል ግን አስቆምሁት።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ወደ እሱ ዞረህ ጠይቀው» አልሁት።

«ምን ብዬ ጋሼ?»

«‹ላንሣለት?› በለው።»

ዞሮ ጠየቀው። አያ ደምለው ወንበሩን በሁለት እጁ ይዞ «አንሣለት፣ ልጄ» አለ።

ጺሜ ሲወድቅ አላለቀስሁም። ማጅራቴን ሊያጸዳ ከኋላዬ ሲዞር ግን አልቻልሁም። ፀጉር አስተካካይ ሁሉንም ነገር ለራሱ ይሠራል፣ ማጅራቱ ላይ ግን እጁም ዐይኑም አይደርስለትም። ያን ቦታ ሃያ ሁለት ዓመት ያጸዳችልኝ ይታይሽ ነበረች፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ቅዳሜ፣ ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥታ። ከሷ በኋላ ሰው አልነካኝም። የሀብታሙ ጣት አንገቴን ዝቅ ሲያደርገው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። እሱም ምላጩን አንሥቶ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ጋሼ» አለኝ ሲጨርስ። «ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ፊት ለፊትዎ ተቀምጬ አየሁዎት። ስንት ጊዜ ልምጣና ‹ይበቃዎታል፣ ይነሡ› ልበልዎት ብዬ ነበር። እርስዎ እኮ ለሁላችን አለቃ ነዎት፤ እኔ ማን ነኝና የእርስዎን እጅ ልያዝ ብዬ ፈራሁ።»

«ጥፊ ይገባሃል» አልሁት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ፊቴ ራቁቱን ስለሆነ ሳቁ እንግዳ ሆነብኝ።

አያ ደምለው ምሳ በልቶ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ከዚያ ቤቴ ገባሁ። ቤቱ እንደ ነበረ ነው፤ ዛሬ የማንን ራስ ነካህ የሚለኝ የለም። ጺም መነሣቱ ሰው አይመልስም፤ ይኸን ሠላሳ ዓመት ሳውቅ ኖሬያለሁ። ቢሆንም ሰኞ ዕለት ሱቄን ስከፍት የመጀመሪያው ደንበኛ ዐይኑን ሳይጨፍን መስተዋቱ ውስጥ አየኝና ወሬ ጀመረ።

ምላጭና ወንበር ለሚጠብቃችሁ ወጣቶች የማስተምራችሁ ብዙ የለኝም፤ ቶንዶሱን ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁ። ይኸን ብቻ ያዙ፦ ከወትሮው ያለፈ የሐዘን ጺም ስታዩ «ሰው ይኖረዋል» አትበሉ። ጠይቁት። ሰው ከሌለው እናንተ እጁን ያዙትና፣ ጠያቂና ፈቃጅ አንድ ሰው ስለማይሆን፣ ወደ ሌላ ፀጉር ቤት ውሰዱት። ፀጉር አስተካካይ ከሆነም እንደዚያው።